አንበሳ ለምን ይተኛል፣ ነብር ለምን ይደበቃል?

ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በቡና ጫካ ጥግ ባለ ቀበሌ፣ አንድ ፍየል ሌሊት ከጋጣ ከጠፋ በማግሥቱ ቡና ላይ የሚነሳው ክርክር የታወቀ ነው። አንዱ «ነብር ነው» ይላል። ሌላው «ነብርስ ይህን አይደፍርም፣ ገሰላ ነው» ብሎ ከነብር የከፋ አውሬ ያመጣል። ከከተማ የመጣ ወጣት ስልኩን አውጥቶ የሕንድ ታይገር ቪዲዮ ያሳያል። ይሄኔ አንድ አዛውንት ስኒያቸውን አስቀምጠው «ለመሆኑ ዱካውን አይታችኋል?» ይላሉ። እኔ ከአዛውንቱ ጋር ነኝ፤ ዱካው የሚናገረውን በኋላ እንደርስበታለን። አስቀድሞ ግን እነዚህ እንስሳት ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆኑ ማወቅ ይበጃል።

ስለ አንበሳና ስለ ነብር ስናወራ ወሬያችን ስለ ኃይልና ስለ ጀግንነት ነው። በአንበሳ ስም ሰው ሰይመናል፣ አውቶቡስ ሰይመናል፣ የጫማ ፋብሪካም ሰይመናል። ጠባያቸውን ለመረዳት ግን ከኃይላቸው ይልቅ ከቁጠባቸው መነሳት ይሻላል። ላም ሣር ካየች አንገቷን ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃታል፤ ሣሩ አይሮጥም፣ አይራገጥም። የአንበሳ ምግብ ግን ይሸሻል፣ ይዋጋል፣ አንዳንዴም ይገድላል። ጎሽ ከወጋው ወይም የሜዳ አህያ በርግጫ መንጋጋውን ከሰበረው ሐኪም የለውም። ብቻውን የሚኖረው ነብርማ የሚያበላው ዘመድ እንኳ የለውም፤ እግሩ ለሳምንታት ካነከሰ በረሃብ ይሞታል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ እርምጃቸው በስተጀርባ ሁለት ጥያቄ አለ፦ ይህ ስንት ጉልበት ይወስዳል? ያቆስለኛል ወይ? ቁጭ ብለው ያሰላሉ ማለት አይደለም፤ ስሌቱ በብዙ ሺህ ትውልድ ደማቸው ውስጥ የገባ ነው። እንቅልፋቸውም፣ ድብቅነታቸውም፣ ግሳታቸውም፣ ከሰው መሸሻቸውም ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይመነጫል።

ማን ከማን ይዛመዳል?

የድመት ወገን ወደ 40 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። ሳይንቲስቶች ፓንተራ ብለው በአንድ ቤት የሚያስገቧቸው ግን አምስት ብቻ ናቸው፦ አንበሳ፣ ነብር፣ ታይገር፣ ጃጓርና የበረዶ ነብር። ታይገርና የበረዶ ነብር የእስያ፣ ጃጓር የአሜሪካ አህጉር ነዋሪዎች ናቸው። ስለዚህ ያ በስልክ የታየው ባለ ጥቁር መስመር አውሬ በጅማ ዞን ባለው በበለጤ ጫካ የለም፤ ፍየሏንም እሱ አልወሰዳትም። አቦሸማኔ ትልቅ ቢሆንም ከዚህ ቤት አይደለም፤ የሥጋ ዘመዱ የአሜሪካው ፑማ ነው። በአገራችንም የሚኖረው በቆላው ሜዳ እንጂ በጅማ ጫካ አይደለም።

ከአምስቱ አራቱ ያገሳሉ፤ የበረዶ ነብር ብቻ አያገሳም። የሚያገሱት የድምፅ ገመዳቸው ወፍራምና ሰፊ ነው፤ የአንበሳ ግሳት ጸጥ ባለ ሌሊት እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል። አቦሸማኔ ከነጭራሹ ማግሳት አይችልም፤ ሲመቸው የቤት ድመት የምታሰማውን ማንኮራፋት ያሰማል፣ ልጆቹን ሲጠራ ደግሞ የወፍ የሚመስል ቀጭን ድምፅ አለው።

እዚህ አካባቢ ከድመት ጋር የሚምታቱ ጎረቤቶችም አሉ። ጥሪኝ ድመት አይደለም። በጅማ ዞን ገበሬዎች ለዝባዱ ሲሉ ከጥንት ጀምሮ የሚይዙት ይህ እንስሳ የራሱ ቤተሰብ አለው፤ ሸለምጥማጥም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ጅብ ደግሞ መልኩ ውሻ ቢመስልም ዝምድናው ከውሻ ይልቅ ለድመት ይቀርባል፤ ይሁንና እሱም ለብቻው የቆመ ቤተሰብ ነው። አነር ግን እውነተኛ ድመት ነው። እግሩ ረጅም፣ ጆሮው ትልቅ፣ አካሉ ነጠብጣብ ያለበት ስለሆነ የነብር ግልገል እየተባለ ብዙ ጊዜ በከንቱ ይገደላል። አነር የቱንም ያህል ዕድሜ ቢሰጠው ነብር አይሆንም። ዋና ምግቡ አይጥ ስለሆነ እሱን የገደለ ገበሬ ጎተራው ላይ አይጥ ጋብዟል ማለት ነው።

ሥጋ የቀረጸው አካል

ድመቶች ከሥጋ በቀር ሌላ ምግብ አያውቁም፤ አካላቸውም ለዚሁ ብቻ የተሠራ ነው። ጥርሳቸው 30 ነው። ፊት ለፊት ያሉት ክራንቻዎች ጉሮሮ ይይዛሉ፣ ከኋላ ያሉት ስለታም መንጋጋዎች ሥጋ ይቆርጣሉ። መንጋጋቸው ወደ ጎን ስለማይሄድ ማላመጥ የሚባል ነገር የለም፤ ቆርጦ መዋጥ ነው። ምላሳቸው ላይ ያሉት ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ ጥቃቅን እሾሆች ከአጥንት ላይ ሥጋ ይፍቃሉ። ጣፋጭ ነገር ደግሞ አይቀምሱም፤ የስኳርን ጣዕም የሚለየው ዘረመላቸው ከጥንት የተበላሸ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ታውቋል። የጅማ ጫካ ማር ለዝንጀሮውም ለእኛም ሲሳይ ነው፣ ለነብር ግን ምኑም አይደለም። ዓይናቸው ሰው ለማየት ከሚያስፈልገው ብርሃን አንድ ስድስተኛው ይበቃዋል። ከዓይን ጀርባ ያለው አንጸባራቂ ሽፋን ብርሃኑን መልሶ ስለሚልከው ነው በባትሪ ስናበራባቸው የሚያበሩት። ጥፍራቸው በማይሠራበት ጊዜ ወደ ውስጥ ይገባል፤ መሬት ካልነካ አይደንዝም። ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ዱካ ላይ ስንደርስ ትጠቅመናለች።

የእንቅልፍ ሒሳብ

አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ይተኛል ወይም ይጋደማል። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ሄዶ ያየ ሰው ሁሉ «ምነው ሰነፈ?» ብሎ ያዝናል፤ የዱሩም አንበሳ ያው ነው። አንዴ ከጠገበ መንቀሳቀስ ኪሳራ ነው። በዚያ ላይ አንበሳ የሩጫ ሰው አይደለም። እኛ ደፋሩን «ልበ አንበሳ» እያልን ብናሞግስም የአንበሳ ልብ ከሰውነቱ አንጻር ትንሽ ነው፤ ጅብ ከክብደቱ አንጻር ያለው ልብ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጅብ ታዳኙን ረጅም መንገድ አሳዶ ያደክማል። አንበሳ ግን ትንሽ ሮጦ ካልያዘ ይተዋል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ያለው ከሩጫው በፊት ነው፦ ሣር ውስጥ ተለጥፎ መቅረብ፣ ታዳኙ ቀና ሲል መቆም፣ ዝቅ ሲል መጠጋት። ታዳኙ ቀድሞ ካየው አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታው ያበቃል፤ የነቃን ሚዳቋ ማሳደድ ጉልበት ማባከን ነው። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ለከብቶቻችንም ለራሳችንም ይሠራል።

የዓለም ፈጣን ሯጭ የሚባለው አቦሸማኔ እንኳ ከዚህ ሕግ አልወጣም። በቦትስዋና አንገታቸው ላይ መሣሪያ የታሰረላቸው አምስት አቦሸማኔዎች ያደረጓቸው 367 ሩጫዎች ተለክተው እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ ታትሟል። ከተለካው ሁሉ ትልቁ ፍጥነት በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ነበር። አብዛኞቹ ሩጫዎች ግን ከዚያ በእጅጉ የዘገዩና ከ200 ሜትር ያልበለጡ ናቸው። ከአራት ሙከራ አንዱ ብቻ ነው ሥጋ ያስገኘው። ለአቦሸማኔ ከፍጥነቱ ይበልጥ የጠቀመው በቅጽበት መነሳቱ፣ በቅጽበት መቆሙና መታጠፉ ሆኖ ተገኝቷል። ሲይዝም ቶሎ ቶሎ ይበላል፤ ጅብ ወይም አንበሳ ከመጣ ጥሎ ይሄዳል። ፈሪ ስለሆነ አይደለም፤ እግሩ ከተሰበረ ነገ የሚያድንበት ነገር የለውም።

ጨለማም የሒሳቡ አካል ነው። በታንዛኒያ ገጠር እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2009 አንበሶች በሰው ላይ ያደረሷቸውን አንድ ሺህ ገደማ ጥቃቶች የመረመሩ ተመራማሪዎች ጥቃቶቹ ከጨረቃ ጋር እንደሚያያዙ አግኝተዋል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችባቸው ምሽቶች ጥቃቱ ዝቅ ይላል፤ ሙሉዋ ጨረቃ ባለፈች በማግሥቱ ባሉት ቀናት ግን ይጨምራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ጨረቃ ዘግይታ ስለምትወጣ የመጀመሪያዎቹ የምሽት ሰዓታት ይጨልማሉ፤ ሰው ደግሞ በእነዚያ ሰዓታት ገና ከቤቱ አልገባም። በብርሃኑ ቀናት በደንብ ሳያድን የሰነበተው አንበሳም ተርቧል። ሙሉ ጨረቃ አስፈሪ ናት የሚለው የብዙ አገር ተረት ምናልባት መነሻው ይኸው ሊሆን ይችላል።

የአንበሳ ቤተሰብ

ከድመት ወገን ሁሉ በመንጋ መኖርን እንደ አንበሳ ያጠበቀ የለም። የመንጋው ምሰሶ ሴቶቹ ናቸው፤ እናት፣ እህት፣ አክስት፣ ልጅ። መሬቱ የእነሱ ነው፣ ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል። ወንዶቹ መጤዎች ናቸው። ብዙውን ጊዜ ወንድማማቾች ወይም አብረው ያደጉ ጥቂት ወንዶች ተባብረው የነበሩትን ያባርሩና ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያሉ፤ ከዚያ እነሱም በተራቸው ይባረራሉ። ንጉሥ የምንለው ወንዱ እንግዲህ ሚስቶቹ ቤት የሚኖር ጊዜያዊ ዘበኛ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ከዚህ አጭር ዘመን አንድ ዘግናኝ ጠባይ ይወለዳል። አዲስ ወንዶች መንጋ ሲይዙ ጡት የሚጠቡትን ደቦሎች ይገድላሉ። ጭካኔ ይመስላል፣ ግን ሒሳብ አለው። የምታጠባ እንስት ልጆቿ እስኪያድጉ ሁለት ዓመት ገደማ አትጸንስም፤ የወንዱ ጊዜ ደግሞ ከዚያ ብዙ አይረዝምም። ደቦሎቹ ከሞቱ በሳምንታት ውስጥ ትፈልገዋለች፣ ከሦስት ወር ተኩል እርግዝና በኋላም የራሱን ልጆች ትወልድለታለች። ሴቶቹ ዝም ብለው አያዩም፤ ተባብረው ይከላከላሉ፣ አንዳንዴም ያሸንፋሉ። ሴቶቹ በኅብረት መኖራቸው አንዱ ጥቅም ይኸው መከላከል ነው ተብሎ ይታመናል።

ጎፈሩስ ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ፣ በታንዛኒያው የሴሬንጌቲ ሜዳ የተደረገ ጥናት መልስ ሰጥቷል። ተመራማሪዎቹ ፔይተን ዌስትና ክሬግ ፓከር የአንበሳ አሻንጉሊቶችን በሜዳ አቆሙ፤ አንዱ ጥቁር ጎፈር፣ ሌላው ቀላ ያለ፣ አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር። ሴቶቹ ወደ ጥቁር ጎፈሩ ሄዱ። ወንዶቹ ጥቁሩን ሸሹ። ጥቁር ጎፈር ያለው አንበሳ በደንብ የሚበላና የወንድነት ሆርሞኑ ከፍ ያለ ነው፤ ባላጋራው ከሩቅ አይቶ «ከዚህኛው ጋር መጣላት ያቆስላል» ብሎ ይመለሳል፤ ሳይነካኩ ይለያያሉ። ዋጋው ሙቀት ነው፤ ጥቁር ጎፈር ያለው በቀትር ይቃጠላል። በደጋ ብርድ ግን ይህ ዕዳ ይቀልላል። ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስድስት ኪሎ ሲረቡ የኖሩት አንበሶች ጎፈር ጠቁሮ እስከ ደረትና ሆድ መውረዱ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት ደግሞ እነዚህ አንበሶች ከሌሎቹ የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል።

ግሳትም የዚሁ ዓይነት ጠብ ማስቀሪያ ነው። በሴሬንጌቲ የእንግዳ አንበሶች ግሳት በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ ሴቶቹ የአንዲት ብቻ ድምፅ ከሆነ ለመፋለም ይጠጋሉ፤ የሦስት ከሆነ ያመነታሉ፣ እንደ ራሳቸው ቁጥር ብዛት ይወስናሉ። ማለትም የጠላትን ጭፍራ በጆሮ ቆጥረው ነው ጦርነት የሚገቡት።

የጅማው ጎረቤት

ነብር በሁሉ ነገር የአንበሳ ተቃራኒ ነው። ብቻውን ይኖራል፣ ብቻውን ያድናል፣ ሴቷ ብቻዋን ታሳድጋለች። የአንዱ ወንድ ግዛት የጥቂት ሴቶችን ግዛት ይሸፍናል፣ ግን ሲገናኙ እምብዛም አይታይም። የሚነጋገሩት በጠረንና በምልክት ነው፤ ቁጥቋጦ ላይ ሽንት ይረጫል፣ የዛፍ ግንድ ይቦጫጭራል፤ ቀጣዩ መጥቶ ማን መቼ እንዳለፈ ያነብባል። ሌሊት የሚያሰማው ድምፅም እንጨት የሚሰነጥቅ የእጅ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ የሚወጣውን ይመስላል። ብዙዎቹ ነብሮች ከ30 እስከ 60 ኪሎ ቢመዝኑም ከራሳቸው የሚከብድ እንስሳ ዛፍ ላይ ያወጣሉ። ይህ ጉልበት ለማሳየት አይደለም፤ ታች ከተተወ ጅብ ይወስደዋል፣ ከጅብ ጋር መጣላት ደግሞ ያቆስላል።

ገሰላ የተለየ አውሬ ነው ወይ? አይደለም። ገሰላ ጥቁር ነብር ነው። ጥቁርነቱ የሚመጣው ከእናትም ከአባትም ከሚወረስ ድብቅ ዘር ነው፤ ሁለቱም ወላጆች ዝንጉርጉር ሆነው ጥቁር ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ፤ በአንድ ሆድ ውስጥም አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ዝንጉርጉር ሆነው ይወለዳሉ። ፀሐይ ሲያርፍበት በጥቁሩ ጸጉር ሥር ነጠብጣቡ ይታያል። እንዲህ ያሉት እርጥበትና ጥላ በበዛበት ጥቅጥቅ ጫካ በርከት ይላሉ፣ በሜዳ ያንሳሉ፤ ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። የእኛ ደቡብ ምዕራብ ጫካም ለገሰላ ምቹ ነው። ጠባዩ ግን የነብር ነው፤ «ከነብር ይከፋል» የሚለውን እኔ ከማታ ፍርሃት የመጣ ነው ብዬ እወስዳለሁ።

አንበሳ ከጅማ ደጅ ርቆ ነብር የቀረበትም ምክንያት እዚሁ ሒሳብ ውስጥ ነው። ወንድ አንበሳ ወደ 190 ኪሎ ይመዝናል፤ መንጋው ትልልቅ ታዳኝና ሰፊ ምድር ይፈልጋል። ሰው ጫካውን መንጥሮ ጎሹን ካራቀው አንበሳ የሚበላው የሰው ከብት ብቻ ይሆናል። ከብት ሲበላ ደግሞ በመንጋ ስለሚሄድና ስለሚያገሳ የት እንዳለ ይታወቃል፤ አንድ የተመረዘ ሬሳ መላ ቤተሰቡን ይጨርሳል። ስለዚህ ዛሬ አንበሳ ፈላጊ ወደ ደቡብ፣ በዳውሮና በኮንታ ምድር እ.ኤ.አ. በ2005 ወደተቋቋመው ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ መሄድ አለበት። ወደ ካፋም መዝለቅ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያ በባዮስፌር ጥብቅ ቦታው አንበሳ በፎቶ ተይዟል። ነብር ግን ከአይጥ እስከ ድኩላ ያገኘውን ይበላል፤ ከሰሃራ በታች ብቻ ከ90 በላይ ዓይነት እንስሳት እንደሚበላ ተመዝግቧል። እንደ አንበሳ እያገሳ ራሱን አያጋልጥም፣ መንጋ የለውም፣ ቀን አይታይም። በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር የሚበቅለው የጫካ ቡና ደግሞ ለሰው ገቢ ሲሆን ለነብር መሸሸጊያ ነው። በበለጤ ገራ በኩል ቡና የሚለቅም ሰው ነብር ሳያይ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። ነብሩ እሱን አላየውም ብዬ ግን አልምልም።

ነብር ሲጠፋ ደስ የሚለው ዝንጀሮ ነው። በጋና ብሔራዊ ፓርኮች አንበሳና ነብር ሲመናመኑ ዝንጀሮ እየበዛ፣ እየተስፋፋ፣ ማሳ ማውደሙንም እያባሰ እንደሄደ በብዙ ዓመታት መዝገብ ታይቷል። በጅማ ዙሪያ በቆሎ ሲደርስ ሌሊት ማማ ላይ ወጥቶ የዱር አሳማ የሚጠብቅ፣ ቀን ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ዝንጀሮ የሚያስጠብቅ ገበሬ ይህን ሒሳብ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

የካፋው ታሪክ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2005 ከካፋ፣ ከቢታ ገነት አካባቢ የወጣ ዜና ዓለምን ዞሮ ነበር። የ12 ዓመት ልጅ ለግዳጅ ጋብቻ በወንዶች ተጠልፋ ስትደበደብ ከሰነበተች በኋላ ሦስት አንበሶች መጥተው ጠላፊዎቹን አባረሩ፤ ፖሊስና ዘመዶቿ እስኪደርሱ ግማሽ ቀን ያህል አጠገቧ ቆይተው ሳይነኳት ሄዱ ተባለ። ብዙዎች ተአምር አሉት። ማመን የፈለገ ይመን፤ ከጠባያቸው አንጻር ግን ለማዳን አስበው መጡ የሚለውን አልቀበለውም። በጊዜው አንድ የዱር እንስሳት ባለሙያ የሰጠው ማብራሪያ ይበልጥ ያሳምነኛል፦ የልጅቷ ለቅሶ የደቦል ለቅሶ ስለሚመስል አንበሶቹን ከመብላት አዘግይቷቸው ይሆናል። እኔ የምጨምረው የአንበሳ ጥቃት ብዙውን ጊዜ በሽሽት የሚቀሰቀስ መሆኑን ነው። ወንዶቹ ሮጡ፣ እሷ ቀረች፣ ዝም ብላ አለቀሰች። ያልሮጠ፣ ያልተዋጋና የሚታወቅ የልጅ ድምፅ የሚያሰማ ፍጥረት ለአንበሳ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፤ ግራ የገባው አንበሳ ደግሞ ቁጭ ብሎ ያያል። በዚህ ታሪክ አውሬ ተብለው መጠራት የሚገባቸው ማን እንደሆኑ ለአንባቢ እተዋለሁ።

ፍየሏን ማን ወሰዳት?

አሁን ወደ ዱካው። የነብር ዱካ ክብ ነው፣ ጥፍር አይታይበትም። የመዳፉ ትራስ በስተኋላ ሦስት እብጠት አለው። የጅብና የውሻ ዱካ ላይ ግን የጥፍር ነጥብ ይታያል፤ የጅብ የፊት እግር ዱካ ከኋላው ይበልጣል። ሬሳው ከተገኘ ጉሮሮው ይታይ። ነብር ጉሮሮ ነክሶ አንቆ ይገድላል፣ ጎትቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ይደብቃል ወይም ዛፍ ላይ ያወጣል፤ ደጁ ላይ ትንሽ ደም ብቻ ሊቀር ይችላል። ጅብ ከሆድና ከታፋ ጀምሮ ይዘነጥላል፣ አጥንት ይሰብራል፣ አካባቢውን ያምሳል። ይህን ሳያዩ መርዝ ማስቀመጥ ጥፋተኛውን ትቶ ጥንብ አንሳውን፣ ጥሪኙንና የጎረቤትን ውሻ መፍጀት ነው። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው።

መከላከያው ከስሌቱ ይወጣል፤ ማደኑን አድካሚና አስጊ ማድረግ። ነብር ስለሚወጣና ስለሚዘል አጥር ብቻ አይበቃውም፤ የፍየልና የበግ ጋጣ ጣሪያ ያስፈልገዋል። በኬንያ ናይሮቢ ፓርክ አጠገብ ያደገው ሪቻርድ ቱሬሬ ገና ታዳጊ ሳለ በበረቱ ዙሪያ ብልጭ ድርግም የሚሉ አምፖሎች ሰቅሎ አንበሶችን አርቋል፤ አንበሳው ሰው ባትሪ ይዞ የሚዘዋወር ይመስለዋል። በቦትስዋና ደግሞ ከሁሉ የሚገርመኝ ሙከራ ተደርጓል፦ የከብቶቹ መቀመጫ ላይ ትልልቅ ዓይን ተሣለ። በአራት ዓመት ውስጥ ዓይን ከተሣለባቸው 683 ከብቶች አንድም አልተበላም፤ ምንም ካልተደረገባቸው 835 ውስጥ ግን 15 ተበልተዋል። አድፍጦ የሚያድን እንስሳ ታየሁ ብሎ ካሰበ ይተዋልና። ቀለም ርካሽ ነው፤ በእኛም አገር ግጦሹ ከጫካ ጋር በሚዋሰንበት ቦታ ቢሞከር እወዳለሁ።

ነብር ከተማ ጥግ ሲታይ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ይያዝና ሩቅ ይጣል»። ይህ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ከእናቱ የተለየ ወጣት ነብር የራሱን ግዛት ሲፈልግ ነው ብዙውን ጊዜ ሰው መንደር ውስጥ የሚገኘው፤ ከተተወ ያልፋል። በሕንድ ማሃራሽትራ ነብሮችን ከእርሻ መንደር እየያዙ ጫካ ውስጥ መልቀቅ በተጀመረ ጊዜ በተለቀቁበት አካባቢ በሰው ላይ የሚደርሰው ጥቃት ቀነሰ ሳይሆን ጨመረ። በማያውቀው ምድር የተጣለ፣ የተደናገጠ ነብር የለመደውን ሒሳብ ያጣል። የተነሳበት ግዛትም ባዶ አይቀርም፣ ሌላ ይገባበታል። በሙምባይ ከተማ ዳር ነብሮች ከሰው ጋር ለዓመታት ኖረዋል፤ ከሚበሉት ትልቅ ድርሻ የያዘው የጎዳና ውሻ ነው።

ፊት ለፊት ከተገጣጠማችሁስ? አትሩጡ። ሩጫ ታዳኝ ያደርጋችኋል፣ ከማንኛውም ትልቅ ድመትም አታመልጡም። አንበሳ ከሆነ ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ ቁሙ፣ ነጠላም ጋቢም ካለ ዘርግታችሁ ትልቅ ሁኑ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ፣ ፊታችሁን ሳታዞሩ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ነብር ከሆነ ዓይኑን ትክ ብላችሁ አትዩት፤ እንዳላያችሁት ሆናችሁ መንገድ ልቀቁለት። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው መውጫ ሲያጣ ነው። ነብር ቤት ውስጥ ወይም ጉድጓድ ገባ ሲባል ሰፈሩ ዱላ ይዞ ይከብበዋል፤ ያኔ ነብሩ ቆስሎም ቢሆን መውጣት እንዳለበት ያውቃል፣ ፊት ለፊት ያገኘውን ሰው ሁሉ ይቦጫጭራል። የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ይባል የለ? እንግዲያው አትያዙ። ሰዉን አርቁ፣ መውጫውን ክፍት ተዉት፣ ለቀበሌና ለዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኞች ንገሩ። በተለይ የቆሰለ ነብር ተከትሎ ቁጥቋጦ መግባት ራስን መስጠት ነው።

የነከሰ ወይም የቦጨረ እንደሆነ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ነብርም፣ ጅብም፣ ውሻም የእብድ ውሻ በሽታ ሊያስተላልፉ ይችላሉ፤ ክትባቱ የሚሠራው የበሽታው ምልክት ከመታየቱ በፊት ከተወሰደ ነው።